ለጉልበታም ሞተር የትኛው ዘይት? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ሞተር ማደስ ነው፤ በተለይ ትራክ (የእሽቅድምድም ሜዳ) ላይ የሚነዱ መኪኖችን ሞተር። ስለ ዘይት ውፍረት ግራ የገባችሁን ጠይቁኝ። የመኪናውን ሞዴልና ዓመት፣ የትና እንዴት እንደምትነዱ ጨምራችሁ ጻፉልኝ፤ ያለዚያ መልሴ ግምት ነው የሚሆነው።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ የ2016 ኮርቬት ስቲንግሬይ አለኝ፤ የምጠቀመው 5ደብሊው-30 ነው። በጋ ላይ ሰሚት ፖይንት ትራክ እወስደዋለሁ። ጓደኛዬ «15ደብሊው-50 ካላደረግህ ሞተሩን ትጨርሰዋለህ» እያለ አስጨነቀኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ ጓደኛህ ከመሬት ተነሥቶ አልተናገረም። የመኪናህ መመሪያ መጽሐፍ ራሱ ለመንገድ 5ደብሊው-30፣ ለትራክ 15ደብሊው-50 ይላል፤ ከትራክ ስትመለስ ደግሞ ወደ 30ው ተመለስ ይልሃል። ምክንያቱ ሙቀት ነው። የኋለኛው ቁጥር ዘይቱ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ያለውን ውፍረት ይነግርሃል፦ ባለ 30 ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ ነው)፣ ባለ 40 እስከ 16.3፣ ባለ 50 እስከ 21.9። ከተማ ውስጥ ዘይትህ 100 አካባቢ ይቆያል። ትራክ ላይ አጥብቀህ ስትነዳው ግን 130 ሊያልፍ ይችላል፤ እዚያ ሲደርስ ባለ 50ው ቀጥኖ፣ ባለ 30 ዘይት 100 ላይ ካለው ውፍረት ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ወፍራም ዘይት ስታስገባ መንገድ ላይ የነበረህን ውፍረት ትራክ ላይም አቆየኸው ማለት ነው።

ጠርሙሱ ላይ የማይጻፍ ሌላ ቁጥርም አለ። ኤችቲኤችኤስ ይሉታል፤ በ150 ዲግሪ፣ ዘይቱ በቢየላው (ፒስተኑን በሚይዘው ክንድ) ቤሪንግና በክራንክሻፍቱ (በሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) መካከል እንዳለችው ጠባብ ክፍተት ባለ ቦታ ሲጨመቅ የሚቀርለት ውፍረት ነው። በሌላ መለኪያ፣ በሚሊፓስካል-ሰከንድ ስለሚለካ ከላይኞቹ ቁጥሮች ጋር አታወዳድረው፤ ለባለ 30 ዝቅተኛው 2.9፣ ለ0ደብሊው-40 እና ለ5ደብሊው-40 3.5፣ ለባለ 50 3.7 ነው። ሞተር የሚድነው ወይም የሚበላው እዚያች ክፍተት ውስጥ ስለሆነ፣ እኔ ዘይት ስመርጥ ከአምራቹ የመረጃ ወረቀት ላይ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው።

የኮርቬት አምራች ጂኤም በ2019 ሞዴል ሁለቱንም ትቶ ለመንገድም ለትራክም 0ደብሊው-40 አድርጎታል፤ የስቲንግሬይ ሞተር ያው ኤልቲ1 ነው። ዋስትናህ ካለቀ የምመርጥልህ እሱን ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ከመቀያየርም ትድናለህ።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ኒሳን ጂቲአር አር35 ነው ያለኝ፤ 0ደብሊው-40 ይላል። እዚህ ብርድ የሚባል ነገር የለም። ዜሮው ምን ያደርግልኛል? ቀጥኖ ሞተሩን አይጎዳብኝም?

መልስ፦ አይጎዳውም። የፊተኛው ቁጥር የብርድ መለኪያ ብቻ ነው፦ ባለ 0 ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ላይ፣ ባለ 5 በ30፣ ባለ 10 በ25 ሞተር ሲነሣ ይፈተናል። ሞተሩ ሲሞቅ 0ደብሊው-40ም 10ደብሊው-40ም እኩል ባለ 40 ናቸው። ደግሞ ዱባይ ላይ 40 ዲግሪ በሆነ ጠዋት እንኳ ዘይትህ ለሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ባለ 40 ዘይት 40 ዲግሪ ላይ ከ100 ዲግሪው ወደ ስድስት እጥፍ ይወፍራል። ሞተሩን አስነሥተህ ወዲያው አትጫነው። የዘይቱን ሙቀት ስክሪኑ ላይ ታገኘዋለህ፤ ትራክ ላይ ከ130 አልወርድ ካለ ያኔ ስለ ባለ 50 እና ስለ ትልቅ የዘይት ማቀዝቀዣ እንነጋገራለን።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ የ2003 ቢኤምደብሊው ኤም3 አለኝ። መካኒኬ 10ደብሊው-60 በጣም ወፍራም ነው፣ 5ደብሊው-30 ይሻላል ይላል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክህ አትስማው። ያንተ ኤስ54 ሞተር እስከ 8,000 ዙር የሚሄድ ነው። በዚያ ዘመን የቢየላ ቤሪንጎቹ እየተበሉ ሞተሮች ወድመዋል፤ ቢኤምደብሊው በዘመቻ መልክ መኪኖችን ጠርቶ ቤሪንግ እስከ መቀየር ደርሷል። ለዚህ ሞተር ያዘዘው ዘይት 10ደብሊው-60 ነው። መካኒክህ ልክ የሚሆነው በአንድ ነገር ነው፦ ይህ ዘይት ሲቀዘቅዝ በጣም ይወፍራል። ለዚህም ነው የዙር መቁጠሪያው ጠርዝ ላይ ቢጫ መብራቶች የተደረጉት፤ ዘይቱ እየሞቀ ሲሄድ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ሁሉም ሳይጠፉ አታስጩኸው። ዘይት ስትቀይር ናሙና ላብራቶሪ ላክ፤ እርሳስና መዳብ ከፍ ብሎ ከተገኘ ቤሪንጉ መበላት ጀምሯል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የ2010 ጎልፍ ጂቲአይ እነዳለሁ። ዘይት ይጎድላል። ጋራዥ «20ደብሊው-50 አድርጊበት፣ መጉደሉን ያቆማል» አሉኝ። ከፍታውስ ለውጥ አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጉደሉን ለጊዜው ቢቀንሰው እንኳ በሽታውን አያድነውም። በእነዚያ ዓመታት የወጣው የዚህ ሞተር ትውልድ በፒስተን ቀለበቱ ምክንያት ዘይት በመብላት ይታወቃል። መጀመሪያ የሞተሩን የጋዝ መተንፈሻ ቫልቭ ያዩልሽ፤ ቀላሉና ርካሹ እሱ ነው። ዘይቱን ግን ቮልስዋገን 502 00 ማረጋገጫ ያለው 5ደብሊው-40 አድርጊው። ቱርቦው በአዲስ አበባ ስስ አየር ያንኑ ግፊት ለመስጠት ይበልጥ ይሽከረከራል፤ ስለዚህ ጠዋት ቶሎ የሚደርስለት፣ ሙቀት የሚችል ዘይት ያስፈልገዋል። 20ደብሊው-50 በቀዝቃዛ ጠዋት ይዘገይበታል። በየሳምንቱ መለኪያውን አውጥተሽ እዪ፣ ሲጎድልም ሙዪ፤ ዘይት አንሶት መሮጥ ከምንም በላይ ይገድለዋል።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ)፦ ሲቪክ ታይፕ አር፤ 0ደብሊው-20 ቀጠነብኝ።

መልስ፦ ለመንገድ ይበቃሃል፣ በተለይ በእናንተ የጥር ብርድ። ስትገዛ ኤፒአይ ኤስፒ የሚል የጥራት ደረጃ ምልክት ይኑረው፤ ቱርቦ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ሲጫን ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እንዳይቀጣጠል ተፈትኗል። እኔን የሚያሳስበኝ የብርድ አጫጭር ጉዞ ነው፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ቤንዚን ዘይቱ ውስጥ ይገባና ያቀጥነዋል። መለኪያው ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተህ ወይም ዘይቱ ከፍ ብሎ ከታየህ ኪሎሜትሩን ሳትጠብቅ ቀይር።

ጥያቄ፦ ከዘይት ጋር የሚጨመሩት፣ በጠርሙስ የሚሸጡት ማሻሻያ ፈሳሾችስ (አዲቲቭ)?

መልስ፦ አትጨምሩ። ማረጋገጫ ያገኘው ዘይቱ ብቻውን ነው።

ጥያቄ (ከቴል አቪቭ)፦ ወፍራም ዘይት ካደረግሁ ወዲህ የግፊት ጌጁ ከፍ አለ። ጥሩ ምልክት ነው አይደል?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ጌጁ የሚያሳየው ዘይቱ ለመፍሰስ ያጋጠመውን ተቃውሞ ነው። ዘይቱ ከልክ በላይ ሲወፍር የፓምፑ ማስተንፈሻ ቫልቭ ይከፈትና ወደ ቤሪንጎቹ መሄድ የነበረበት ዘይት ከፊሉ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ጌጁ ከፍ ብሎ የሚፈሰው ያንሳል ማለት ነው። ሞተሩ በደንብ ሞቆ እያለ፣ ባዶ ዙር ላይና 3,000 ላይ ያለውን ግፊት ጻፍና ለመኪናህ ከተሰጠው ቁጥር ጋር አስተያየው። በዚያ ውስጥ ከሆነ ግፊቱ ደህና ነው።