በላይን ፕሪንተር (መስመር በመስመር በሚያትመው የድሮ ማተሚያ) ደርቦ ስለማተም ለጠየቅከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ የኔው ጣጣ ነው። ሄርኩለስ (የድሮውን ትልቅ የአይቢኤም ኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ አሮጌውን የአይቢኤም ሲስተም ኤምቪኤስን ጭነህ፣ በፎርትራን ቋንቋ ፊደል በፊደል ላይ እየደረብክ ፎቶ ልታትም ስትል፣ «ሳትወርድ እዚያው ላይ ደርብ» የምትለው የ+ ምልክት ግራ ዳር ላይ ትታተማለች። መስመሮቹም በመደራረብ ፈንታ ተራ በተራ ወደ ታች ይወርዳሉ። እንዲህ አድርግ።

1. ጄሲኤልህን፣ ማለትም ጆብህ (ለኮምፒውተሩ የምትሰጠው ሥራ) እንዴት እንደሚሠራ የሚነግረውን ጽሑፍ ክፈት። የፋይሉ መስመሮች ዓይነት በሚነገርበት በሬክኤፍኤም ላይ ኤፍቢ ብለህ ጽፈሃል፣ አልጠራጠርም። ኤፍቢኤ በለው። ያቺ «ኤ» ከሌለች ሲስተሙ የመጀመሪያዋን ፊደል ትእዛዝ ናት ብሎ አያያትም፤ ዝም ብሎ ያትማታል። ኤልሬክኤል (የመስመሩ ርዝመት) 133 ይሁን፤ 132ቱ ለጽሑፉ፣ አንዷ ለትእዛዟ።

2. + የምትገባው የሚደረበው መስመር ላይ ነው። ማሽኑ መጀመሪያ ትእዛዙን ይፈጽማል፣ ከዚያ ያትማል። ስለዚህ የታችኛው ንብርብር በባዶ ቦታ (ስፔስ) ይጀምር፣ ተከታዮቹ በ+።

3. ወረቀቱ ላይ በአግድም በኢንች 10 ፊደል፣ በቁም 6 መስመር ነው ያለው። የፎቶውን ቁመት ወደ 60 በመቶ ካላወረድከው ሰው ሁሉ ፊቱ ረዝሞ ይወጣል። ለጨለማ ቦታ ከኤም፣ ከደብልዩ፣ ከኤክስና ከኦ እየመረጥክ ደራርብ። ለስስ ጥላ ነጥብ ወይም ሰረዝ ብቻዋን ትበቃለች። ግን ከሦስት ድርብ አትለፍ።

ሦስት ያልኩህ በምክንያት ነው። እኔ አሜሪካ ተማሪ ሳለሁ የነበረን እውነተኛው የአይቢኤም 1403 ላይን ፕሪንተር ነው። ከወረቀቱ ጀርባ 132 መዶሻዎች፣ ከፊቱ ፎጣ የሚያህል ሰፊ ሪባን፣ ከሪባኑ ወዲያ የሚሽከረከሩት ፊደሎች። አንድ ቦታ ደጋግመህ ካስመታኸው ሪባኑ ያልቃል፣ ወረቀቱም ይበሳል። የኛው ሞዴል ደግሞ ወረቀት ሲያልቅ ክዳኑ በራሱ ብድግ ይል ነበር፤ ቡናውን ላዩ ላይ ያስቀመጠ ወየውለት!

ከኮምፒውተሩ ክፍል መስኮት ሥራችንን የሚቀበለው ሰውዬ ግን ከማሽኑ ይብሳል። ፕሮግራሙ የተበሳባቸውን ካርዶቼን ሲቀበለኝ ቀና ብሎ እንኳ አያየኝም። የማሳትመው የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ ነበር፣ ከላይ የተነሳውን። ስካነር የት አለና? ፎቶውን በእጄ በትንንሽ ካሬ ከፋፍዬ፣ የእያንዳንዷን ጥቁረት በቁጥር ካርድ ላይ የመታሁት እኔ ነኝ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ጆቡን አቋረጠው። «ይሄ ፎቶ ቤት አይደለም» አለኝ። ሂሳቡን ግን ከአካውንቴ ቆረጡ። እያንዳንዱ ድርብ እንደ አንድ መስመር ስለሚቆጠር ያውም ሦስት እጥፍ! አቤት ብል ማን ሰምቶኝ።

ፕሮግራሙን ቀየርኩት። ጨለማ የሌለበት መስመር ላይ ጭራሽ ድርብ አይልክም። አንተም እንዲህ አድርግ፣ ፋይልህ ይቀንሳል። ካርዶቹን ለሌሊት ተረኛው ሰጠሁት፤ እሱስ ሰው ነው። ጠዋት ስሄድ ያ መስቀል ጥርት ብሎ ወጥቷል። የመስኮቱ ሰውዬ ኋላ ላይ ግድግዳው ላይ ለጥፎ ለእንግዳ ያሳየው ነበር። የማን ሥራ እንደሆነ ግን ትንፍሽ አይልም።

4. ይህን ሁሉ አድርገህ የወጣውን ፋይል በኖትፓድ ከፍተህ «አልሠራም» እንዳትለኝ። ሄርኩለስ ወደ ቀጣዩ መስመር ሳይወርድ ሲያትም የሚጽፈው ወደ መስመሩ መጀመሪያ መመለሻ ምልክቷን ብቻ ነው። ኤዲተር ደግሞ ፊደል በፊደል ላይ አይደርብልህም። ድርብ ማተም የሚያውቅ፣ ፋይሉን ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይር ፕሮግራም ፈልግና በሱ አሳልፈው። እምቢ ካለህ የዲዲ መስመርህን (ጄሲኤሉ ውስጥ ፋይሉን የሚገልጸውን) እንዳለ እዚሁ ለጥፍልኝ።