በነፃ የተለቀቀ አስቂኝ ልብወለድ ለምታነቡ

የተወደዳችሁ ወጣት አንባቢዎች፣

ሳይንሳዊ ልብወለድን የምትሸሹት ከባድ ይሆንብናል ብላችሁ ከሆነ በሚያስቀው ጀምሩ። የምመክራችሁ አሜሪካዊው ጆን ስካልዚ የጻፈውን «ኤጀንት ቱ ዘ ስታርስ» ነው። ስካልዚ በ1997 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ውሰዱልኝ) ልብወለድ መጻፍ ይችል እንደሆነ ራሱን ሊፈትን ጻፈው፤ በ1999 በራሱ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ለቀቀው፤ የወደደ ሰው አንድ ዶላር ቢልክለት እንደማይጠላም ገለጸ። በወረቀት የታተመው ከዚያ በኋላ ነው፤ በ2005 በትንሽ አሳታሚ፣ በ2008 ደግሞ ቶር በተባለው ትልቅ አሳታሚ ቤት።

ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ከሰው ልጅ ጋር መተዋወቅ ይፈልጋሉ። አጥንት የሌላቸው ዝልግልጎች ናቸው፤ የሚነጋገሩት በጠረን ነው፤ ጠረኑ ደግሞ ለሰው አፍንጫ አይቻልም። የቴሌቪዥን ሥርጭታችንን ሲከታተሉ ስለኖሩ፣ እነሱን የመሰለ ነገር በፊልሞቻችን ውስጥ ምን እንደሚደርስበት አሳምረው ያውቃሉ። ስለዚህ መንግሥታትን ትተው ወደ ሆሊውድ ይሄዳሉ፤ ጉዳያቸውም ቶም ስታይን በተባለ ወጣት የተዋንያን ወኪል እጅ ይወድቃል። የቀረውን ራሳችሁ ድረሱበት።

ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። ደራሲው እመኑልኝ የሚላችሁ የማይሆን ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ፍጡራኑን። ከዚያ በኋላ ሁሉም በሥርዓቱ ይሄዳል። ወኪሉ እንደ ወኪል ያስባል፤ ደንበኛው መልኩ የማይስብ ከሆነ በማን በኩል፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ ለሕዝብ ይቅረብ ብሎ ይጨነቃል። ሳቁ የሚመጣው ከዚህ ከቁምነገሩ ነው። እርሳስ ያዙና ስለ ፍጡራኑ የተነገረውን እያንዳንዱን ሕግ በኅዳጉ ጻፉ፤ ጥቂት ምዕራፎች ቆይቶ ያው ሕግ ለቀልድ ሲውል የገጹን ቁጥር ከሕጉ አጠገብ ጻፉ። ለመጻፍ የምታስቡ ካላችሁ ከብዙ የአጻጻፍ መመሪያ ይልቅ ይህ ይጠቅማችኋል። የጀማሪዎች አስቂኝ ሳይንሳዊ ልብወለድ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ለእያንዳንዱ ቀልድ አዲስ ተአምር ስለሚጨመር ነው። ምንም ነገር ሊሆን በሚችልበት ዓለም ውስጥ ምንም ነገር አያስገርምም፤ ካላስገረመም አያስቅም።

እንከን የለሽ መጽሐፍ ነው አልላችሁም። ገጸ ባሕርያቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም በአንድ ዓይነት ብልጠት ይመላለሳሉ፤ ማን እየተናገረ እንደሆነ አንዳንዴ ይጠፋችኋል። መጨረሻው አካባቢም ታሪኩ ይከብዳል፤ ሳቅ ብቻ የጠበቀ ሰው ይደነግጣል። እኔ ግን ያንን ክፍል እወደዋለሁ።

እንግሊዝኛው ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ሽሙጡ ነው። አንድ ሰው ከሚያስበው ተቃራኒውን ሲናገር ቃሉን ብቻ የሚከተል አንባቢ ቀልዱን እንደ እውነት ወስዶ ያልፋል። ምልልሱን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ጆሮ ከዓይን ቀድሞ ሽሙጥ ይለያል። ለእያንዳንዱ እንግዳ ቃል መዝገበ ቃላት አትግለጡ፤ ምዕራፉን ጨርሳችሁ ደጋግመው የመጡትን ብቻ ፈልጉ።

ፋይሉን ስትፈልጉ መጀመሪያ ወደ ደራሲው ወይም ወደ አሳታሚው ገጽ ሂዱ። ከሌላ ቦታ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከታተመ መጽሐፍ በስካነር የተነሣ ነው፤ ፊደል ይለዋወጣል፣ አንቀጽ ይቆረጣል፣ ባለ ብዙ ተናጋሪ ምልልስ ይደበላለቃል። በስልክ ለማንበብ ምርጫ ካላችሁ ኢፐብ ይሻላል፤ ጽሑፉ እንደ ስክሪኑ ስፋት ይታጠፋል፣ ፊደሉም እንደ ፍላጎታችሁ ያድጋል። ፒዲኤፍ ግን ገጹን እንዳለ ስለሚያሳይ መስመሩን ወዲያና ወዲህ እየጎተታችሁ ታነባላችሁ።

አሁን ብዙዎች ወደሚሳሳቱበት ልምጣ። በነፃ የተለቀቀ ሁሉ እንደፈለጋችሁ የምታደርጉት አይደለም። የቅጂ መብት ዘመኑ ያለፈበትን መጽሐፍ መተርጎምም መሸጥም ትችላላችሁ። ደራሲው በድረ ገጹ ለንባብ ያስቀመጠው ግን መብቱ ሁሉ የእርሱ ነው። በሁለቱ መካከል በታኅሣሥ 2002 ይፋ የሆነው የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ አለ፤ ደራሲው ሌሎች በሥራው ምን ማድረግ እንደሚችሉ አስቀድሞ የሚገልጽበት ነው፤ እርሱም ዓይነቱ ብዙ ነው። ኮሪ ዶክተሮው «ዳውን ኤንድ አውት ኢን ዘ ማጂክ ኪንግደም» የተባለውን ልብወለዱን በጥር 2003 በዚህ ፈቃድ ሲለቅ፣ ሳይሸጡና ሳይለውጡ ማባዛትን ብቻ ነበር የፈቀደው። ትርጉም እንደ ለውጥ ስለሚቆጠር አይፈቀድም ነበር። በ2004 ፈቃዱን ቀይሮ ለንግድ እስካልዋለና በዚያው ፈቃድ እስከተለቀቀ ድረስ ትርጉምን ፈቀደ። መጽሐፉ ያው መጽሐፍ ነው፤ የተለወጠው የፈቃዱ መስመር ነው። ስለዚህ ከማውረዳችሁ በፊት ያንን መስመር አንብቡ፤ ከፋይሉም ጋር አስቀምጡት።

ትርጉም ካልተፈቀደ ጠይቁ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። በየትኛው ቋንቋ፣ በወረቀት ወይስ በኢንተርኔት፣ በሽያጭ ወይስ በነፃ፣ በስንት ቅጂ እንደምታወጡት ግለጹ፤ የተረጎማችሁትን ሁለት ሦስት ገጽም አያይዙ። መጽሐፉ በኋላ አሳታሚ ካገኘ የትርጉም መብቱን የሚያስተዳድረው የደራሲው ወኪል ሊሆን ይችላልና በደራሲው ገጽ ላይ የወኪሉ አድራሻ ካለ በቀጥታ ወደዚያ ጻፉ። መልስ ሳይመጣ ከናሙናው ያለፈ ምዕራፍ አታውጡ።