ከግራፊኑ ሥር ውሃ አለ

ግራፊን (አንድ አተም ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ) የሚሠራ አንድ አንባቢያችን እንዲህ ብሎናል፦ «300 ናኖ ሜትር ሲሊከን ዳይኦክሳይድ ባለው ዌፈር (ስስ የሲሊከን ዝርግ) ላይ ያሳረፍኩት ግራፊን ሞቢሊቲው (ኤሌክትሮኑ በውስጡ የሚሄድበት ቅልጥፍና) 1,500 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር በቮልት ሴኮንድ ላይ ቆሟል። የዲራክ ነጥቡ (ከረንቱ በጣም የሚያንስበት የጌት ቮልቴጅ) ዜሮ አካባቢ መሆን ሲገባው +45 ቮልት ላይ ነው። ጌቱን (ከሥር ሆኖ በግራፊኑ ውስጥ ያለውን ቻርጅ የሚቆጣጠረውን ቮልቴጅ) ከፍ ዝቅ ሳደርግ የከረንቱ የመሄጃና የመመለሻ መስመር አይገጥምም። ዌፈሩን በፒራንያ (የሰልፈሪክ አሲድና የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ድብልቅ) አጥቤዋለሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ደግሞ ለማስተካከል ብሎ ናሙናውን 400 ዲግሪ ላይ ጋግሮታል።»

ወንድሜ፣ ከግራፊኑ ሥር ውሃ አለ። ሳላየው እወራረዳለሁ። የመስመሮቹ አለመግጠም የውሃ ጠባይ ነው። ፒራንያ ቆሻሻውን ያነሳል፣ ግን ኦክሳይዱን ውሃ ወዳድ አድርጎት ይሄዳል።

ፒራንያን ካነሳን አይቀር፦ ፐርኦክሳይዱን ቀስ እያልክ ወደ አሲዱ ጨምር፣ ተቃራኒውን አትሞክር። ዕቃውን አትክደነው። አሴቶን አጠገቡ አይድረስ፤ ይፈነዳል።

የተኛበት ነገር ለምን ይህን ያህል ይጎዳዋል? ዝናብ ያባራበትን ግቢ አስብ። ውሃው ሲሞላ ጉድጓዱም ጉብታውም ተሸፍኖ አንድ ወጥ ነው። ሲጎድል ግን ዝቅ ያለው ቦታ ኩሬ ይዞ ይቀራል። ኦክሳይዱ ውስጥ የተቀረቀሩ ቻርጆች ከግራፊኑ ሥር እንዲህ ያለ ጉድጓድና ጉብታ ይሠራሉ፤ በኤሌክትሪክ ማለቴ ነው። ጌቱ ዲራክ ነጥብ ላይ ሲደርስ ኤሌክትሮኑ እዚህ ኩሬ ይሠራል፣ ሆሉ (ኤሌክትሮን የጎደለበት፣ እንደ ፖዘቲቭ ቻርጅ የሚሄድ ቦታ) ደግሞ እዚያ። ከኩሬ ኩሬ የሚዘል ከረንት የት ይደርሳል? በመስመሩ ላይ ዲራክ ነጥቡ ጋ ሹል መሆን የነበረበት ጫፍ የሚደፈጠጠውም በዚሁ ነው። ግራፊን አንድ አተም ብቻ ነው ውፍረቱ፤ የሚደበቅበት ሆድ ዕቃ የለውም።

አሁን ናሙናውን ቫኪዩም ውስጥ 200 ዲግሪ ላይ ጥቂት ሰዓት አቆየውና አየር ሳታስገባ ለካ። ነጥቡ ወደ ዜሮ ከተጠጋ፣ አየር ሲገባ ደግሞ ከተመለሰ፣ ውርርዱን በላሁ። ያ የ400 ዲግሪ ጥገና ግን ጥፋት ነው፤ ግራፊኑን ኦክሳይዱ ላይ አጣብቆታል። ከዚህ ናሙና ብዙ አትጠብቅ።

ለሚቀጥለው ከእጥበት በኋላ ዌፈሩን የኤች ኤም ዲ ኤስ (የኦክሳይዱን ገጽ ውሃ ጠል የሚያደርግ ኬሚካል) ትነት አስነካው፤ ውሃ አያስጠጋም። አቅም ካለህ ሄክሳጎናል ቦሮን ናይትራይድ (ገጹ ለስላሳ የሆነ፣ ከረንት የማያሳልፍ ክሪስታል) ላይ አሳርፈው። በ2010 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ላይ የተሠሩት እንዲህ ያሉ ናሙናዎች በሞቢሊቲ ከሲሊከን ዳይኦክሳይዱ አሥር እጥፍ ለመድረስ ምንም አልቀራቸውም። ርካሹን የቦሮን ናይትራይድ ፊልም ግን አደራ። እኔ ገዝቼ ማይክሮስኮፕ ሥር ሳየው ሽብሽብና ፍርፋሪ ብቻ ነበር።

ደግሜ ልንገርህ፦ በአሴቶን የጠረግከውን ትዊዘር ሳታደርቅ ፒራንያው ውስጥ እንዳትነክር።