ኮከብ ቆጠራና የመጨረሻዋ ሰከንድ፦ ስለ ኮሌጅ ፉትቦል ለጠየቃችሁኝ

ኮለምበስ፣ ኦሃዮ ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ቅዳሜ ቅዳሜ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ዙሪያ መኪና ማስቆም ነበር። ከመቶ ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ ስታዲየም ደጃፍ ላይ ቆሞ ውስጡን ሳያይ ጩኸቱን ብቻ የሚሰማ ሰው ጨዋታውን በጆሮው ይማራል። ረጅም ጩኸት ከሆነ ታችዳውን ነው፣ ኳሷ የጎሉን መስመር አልፋለች፤ ድንገት ጸጥ ካለ የኛ ልጅ ኳስ ጥሏል። ኋላ ልጄ በሃይስኩል ሲጫወት ምልመላ የሚሉትን ነገር ቤቴ ድረስ መጥቶ አየሁት። እነሆ የምታውቁኝ ሁሉ ትጠይቁኛላችሁ፤ የቻልኩትን ልመልስ። ፉትቦል ስል የአሜሪካውን ማለቴ ነው።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ አንዲት እናት፦ ጋሼ፣ ልጄ አሥረኛ ክፍል ነው። ከሦስት ዩኒቨርሲቲ «ካምፓችን ና» የሚል ኢሜይል በስሙ መጣለት። ቤቱን ሰርግ አድርጎታል። ፈልገውታል ማለት ነው?

እህቴ፣ ደስታውን አይቀሙት፤ ድግሱን ግን ያቆዩት። የካምፕ ጥሪ ለብዙ ልጅ በጅምላ የሚላክ ነው፤ ካምፑም አብዛኛውን ጊዜ ይከፈልበታል። ልጁን የምር የሚፈልግ አሰልጣኝ ለሃይስኩሉ አሰልጣኝ ይደውላል፣ ትራንስክሪፕት ይጠይቃል፣ ሰው ይልካል። «ስኮላርሺፕ አለህ» ቢሉት እንኳ የቃል ነገር ነው፤ እስኪፈረም ድረስ ሁለቱም ወገን ሐሳቡን መለወጥ ይችላል። ዋናው ፊርማ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ዲሴምበር ላይ ነው፤ ያመለጠው ፌብሩዋሪን ይጠብቃል።

እኔ ራሴ ተሸውጃለሁ። «ልጅህን ለመቶ አሰልጣኝ እናስተዋውቃለን» ያለኝ ድርጅት ገንዘቤን ተቀብሎ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ሠራልኝ። ቁጭ ብለን ስናየው ግማሹ የልጄን ቁጥር የለበሰ የሌላ ቡድን ልጅ ነው። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

እርስዎ አሁን የሚጠብቁት ውጤቱን ነው። ዲቪዚዮን አንድ፣ ማለትም በኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው እርከን፣ ለመጫወት 16 ዋና ዋና ትምህርቶችን መጨረስና በነሱ ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት (ጂፒኤ) ማምጣት ግዴታ ነው። ከ16ቱ 10ሩ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው። ብዙ የሐበሻ ቤተሰብ የሚያመልጠው ይሄ ነው፤ ልጁ አስተማሪ ሁሉ የሚወደው ሆኖ ሳለ የወሰደው ሒሳብ ሳይቆጠርለት ይቀራል። የትምህርት ቤቱን አማካሪ ነገ ያነጋግሩ።

ከዳላስ፦ ይሄ ባለ አምስት ኮከብ፣ ባለ ሦስት ኮከብ የሚሉት ማን ነው የሚሰጠው? ደግሞስ ይሠራል?

የኛ አገር ኮከብ ቆጣሪ የእናትህን ስም ይጠይቅሃል፤ የዚህኞቹ ቁመትህን፣ ክብደትህን፣ የሩጫ ሰዓትህንና ቪዲዮህን። ሥራዬ ብለው የያዙት የሚዲያ ድርጅቶች ናቸው። በየዓመቱ አምስት ኮከብ የሚያገኙት ሠላሳ ገደማ ልጆች ብቻ ናቸው። ይሄም አለነገር አይደለም፤ የፕሮፌሽናሉ ሊግ በመጀመሪያው ዙር የሚመርጠው 32 ሰው ስለሆነ ነው። ባለ አራት ኮከቦቹ ጥቂት መቶ ናቸው፤ ሌላው ሕዝብ ሦስትና ከዚያ በታች ነው።

በአንድ ልጅ ላይ ኮከቡ ብዙ ጊዜ ይስታል። ጆሽ አለን ከሃይስኩል ሲወጣ ፈላጊ አልነበረውም፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ገብቶ ለአሰልጣኞች ኢሜይል ሲበትን ከርሞ ነው ዋዮሚንግ የተቀበለው። አሁን በፕሮፌሽናሉ ሊግ የቡፋሎ ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሷን ተቀብሎ የሚወረውረውና የሚያከፋፍለው መሪ ተጫዋች፣ ነው። በቡድን ስትደምረው ግን ኮከቡ እውነት ይናገራል። ከ2011 እስከ 2024 ባሉት የውድድር ዘመናት ዋንጫ ያነሡትን እይ፦ አላባማ፣ ፍሎሪዳ ስቴት፣ ኦሃዮ ስቴት፣ ክሌምሰን፣ ኤልኤስዩ፣ ጆርጂያ፣ ሚቺጋን። ሁሉም ካስፈረሟቸው ልጆች ከግማሽ በላዩ ባለ አራትና ባለ አምስት ኮከብ ነበር። ቲሲዩ በ2022 ከግማሽ በታች ይዞ ፍጻሜ ደረሰ፤ ጆርጂያ 65 ለ7 ሸኘው።

ሂዩስተን ያለ፣ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ደጋፊ፦ ታዲያ እኛስ? በ2022 ከአገሩ አንደኛ የተባለ ምልመላ አደረግን። ምን ነካን?

ወንድሜ፣ ቁስልህን ራስህ ነካኸው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ አፓላቺያን ስቴት የሚባል ትንሽ ቡድን ሜዳችሁ ድረስ መጥቶ 17 ለ14 አሸነፋችሁ፤ ዘመኑንም በ5 ድልና በ7 ሽንፈት ዘጋችሁ። በ2023 ኖቬምበር አሰልጣኛችሁ ጂምቦ ፊሸር ሲባረር ከውሉ የቀረው ዕዳ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

የምልመላ ደረጃ የሚለካው ዛሬ የፈረሙትን የአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ነው። መስመር ላይ የሚጋፈጣቸው ግን የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነው፤ አራት ዓመት ብረት ሲያነሣ የኖረ። ስለዚህ አንድ ጥሩ ዓመት ብቻውን ቡድን አይሆንም፤ ሦስት አራት ዓመት ተከታትሎ መደራረብ አለበት። በዚያ ላይ ከነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ሳይቆዩ በትራንስፈር ፖርታል፣ ትምህርት ቤት መቀየር የሚፈልግ ተጫዋች በሚመዘገብበት መዝገብ፣ ወጡ። ኳርተርባካችሁም አልረጋም። ልጆቹን ባየሁ ቁጥር እውነትም ጎበዞች ናቸው፤ የተሰጣቸው ግምት ግን በሁለት ዓመት ቀድሟቸው ነበር።

ከሲያትል፦ ኢንዲያና እንዴት ሆነ ታዲያ? ኮከብ የለው፣ ስም የለው።

ይሄን ጥያቄ ጠብቄው ነበር። ኢንዲያና በፉትቦል የሚታወቀው በሽንፈት ብዛት ነበር። አሰልጣኙ ከርት ሲግኔቲ ለ2024 የውድድር ዘመን መጣ፤ ሲመጣ ሐሪሰንበርግ፣ ቨርጂኒያ ካለው ጄምስ ማዲሰን ብዙ ተጫዋቾቹን ይዞ መጣ። በሁለተኛ ዓመቱ 16 ተጫውቶ 16 አሸነፈ፤ ፍጻሜውን ማያሚን 27 ለ21 ረትቶ ዋንጫ በላ። ኳርተርባኩ ፈርናንዶ ሜንዶዛ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በፖርታል የመጣ ልጅ ነበር።

በድሮው ሕግ ይሄ አይቻልም ነበር፤ ትምህርት ቤት የቀየረ ልጅ አንድ ዓመት ይቀመጥ ነበር። ከ2021 ወዲህ ወዲያው መጫወት ይችላል። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ልጆቹ በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቀደላቸው፤ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ራሱ መክፈል ይችላል፤ ለሁሉም ስፖርት ተደምሮ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ። ስለዚህ የሃያ ሦስት ዓመት ባለ ሁለት ኮከብ፣ ጨዋታው የገባው፣ ከአሥራ ስምንት ዓመቱ ባለ አራት ኮከብ ሊሻል ይችላል። ኮከቡ የተሰጠው በሃይስኩል ነው፤ ልጁ ግን ከዚያ በኋላ አድጓል።

ከለንደን፦ እኔ እግር ኳስ ነው የማውቀው። የመጨረሻዋ አንድ ደቂቃ ለምን ግማሽ ሰዓት ትፈጃለች?

በእግር ኳስ ሰዓቱ የዳኛው ነው፤ የባከነውን እሱ ይጨምራል። እዚህ ሰዓቱ የአሰልጣኞቹ ንብረት ነው። እያንዳንዱ ቡድን በየአጋማሹ ሦስት ታይም አውት፣ ማለትም ሰዓት የማስቆም መብት፣ አለው። ተወርውራ ያልተያዘች ኳስ ሰዓቱን ታቆማለች። በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ተጫዋች ከመስመር ከወጣም ይቆማል። ቡድን አሥር ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ አለው፤ እያንዳንዱ ሙከራ ዳውን ይባላል፣ ከተሳካለት እንደገና ከፈርስት ዳውን ይጀምራል። በነዚያው ሁለት ደቂቃዎች ቡድኑ አዲስ ፈርስት ዳውን ሲያገኝም ለአፍታ ይቆማል፤ እስከ 2023 ግን ይሄ ጨዋታውን በሙሉ ነበር። ከ2024 ወዲህ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ሰዓቱ በራሱ ይቆማል። ማስታወቂያውን እኔ አልቆጥርልህም።

ከአትላንታ፦ የማያሚውንና የጆርጂያ ቴኩን ጨዋታ አስረዳኝ። ጓደኞቼ ሁሉ «ተንበርከክ!» እያሉ ይጮኹ ነበር፤ እኔ ብቻ አልገባኝም።

ኦክቶበር 7፣ 2023። ማያሚ 20 ለ17 እየመራ ነው፣ ኳሷም በእጁ ናት። ሦስተኛ ዳውን ነው። የቀረው ሰዓት ከ40 ሰከንድ በታች ነው። ጆርጂያ ቴክ አንድም ታይም አውት አልቀረውም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንድ ዳውን አልቆ ሰዓቱ እየሄደ ከሆነ፣ ቀጣዩን ለመጀመር 40 ሰከንድ ይሰጥሃል። ኳርተርባኩ ኳሷን ተቀብሎ በጉልበቱ ቢንበረከክ ዳውኑ ያልቃል፣ ሰዓቱ ግን ይቀጥላል። የሚያቆምላቸው የለም። 40 ሰከንድ ሳይሞላ ዜሮ ይገባል። እጅ ተጨባብጦ ወደ ቤት ነው።

ማያሚ አልተንበረከከም፤ ኳሷን ለሯጩ ሰጠው፤ እሱም ጣላት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እነሱ ያፈሰሱትን የለቀመው ግን ጆርጂያ ቴክ ነው። 26 ሰከንድ ቀርቶ ነበር። 1 ሰከንድ ሲቀር የ44 ያርድ ታችዳውን ያዙ፤ 23 ለ20 አለቀ።

የማያሚ አሰልጣኝ ማሪዮ ክሪስቶባል ነው፤ በምልመላ ከአገሩ ምርጦች የሚቆጠር ሰው። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስበት የመጀመሪያው አልነበረም። በ2018 ኦሪገን ሳለ ስታንፎርድ ላይ እየመራ፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቀር ሯጩ ኳስ ጥሎ በጭማሪ ሰዓት 38 ለ31 ተሸነፈ። ፍርዴን ከጠየቃችሁኝ ኳሷን የጣለው ልጅ አይወቀስም። ኳስ የሚይዝ እጅ ይጥላል፤ ያ እጅ በዚያች ሰዓት ኳስ መያዝ አልነበረበትም። ለሰውየው ፍትሕ ለመስጠት ግን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ማያሚን ለፍጻሜ ያበቃውም እሱ ነው።

ለራሳችሁ የምትይዙት ስሌት፦ ፈርስት ዳውን በእጅህ ሆኖ ተቃራኒው ታይም አውት ከሌለው በመንበርከክ ብቻ ሁለት ደቂቃ ታጠፋለህ። አንድ ካለው ሰማንያ ሰከንድ ገደማ፣ ሁለት ካለው አርባ። ሦስቱም ካሉት አትንበርከክ፣ ተጫወት።

ከሚኒያፖሊስ፦ ኳርተርባኩ ኳሷን መሬት የሚመታው ተናዶ ነው?

ሰዓቱን ሊያቆም ነው። ስፓይክ ይባላል፤ አንድ ዳውን ከፍለህ ሰዓት ትገዛለህ። በኮሌጅ ግን ሰዓቱ ላይ ቢያንስ 3 ሰከንድ ከሌለ በስፓይክ አታቆመውም። ሕጉም ባይኖር 1 ሰከንድ አይበቃም። በ2009 ኤልኤስዩ ኦል ሚስ ላይ 25 ለ23 እየተመራ፣ ታይም አውቱን ጨርሶ፣ ረጅም ኳስ ጎሉ አፋፍ ድረስ አደረሰ። የቀረው 1 ሰከንድ ነበር። ኳርተርባኩ ሊመታት ሲያዘጋጅ ሰዓቱ አለቀ። የሚያሸንፈውን ፊልድ ጎል፣ በእግር ተመትቶ ሦስት ነጥብ የሚያስገኘውን፣ የሚመታው ልጅ ከዳር ቆሟል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አስቀድሞ የታጠቀውን ለማየት የ2022ን ቲሲዩ ተመልከቱ። ቤይለር 28 ለ26 እየመራ፣ ቲሲዩ ታይም አውት የለውም፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው። አሥራ አንዱ ሮጠው ይወጣሉ፣ የመቺው ቡድን ሮጦ ይገባል፣ ሁሉም ቦታውን ያውቃል፣ ኳሷ ትያዛለች፣ ግሪፊን ኬል ከ40 ያርድ ይመታል። 29 ለ28። ሲያዩት ትርምስ ይመስላል፤ ልምምድ ላይ ደጋግመው የሠሩት ነው።

ከዩጂን፣ ኦሪገን፦ እናንተን በ12 ሰው ያሸነፍናችሁስ?

ገባኝ፣ ገባኝ። ኦክቶበር 2024፣ 32 ለ31። 10 ሰከንድ ቀርቶ ኦሪገን በ12 ሰው ተከላከለ። ቅጣቱ 5 ያርድ ነበር፤ የሄደው 4 ሰከንድ ግን አልተመለሰም። በቀናት ውስጥ ሕጉን አስተካከሉት፤ አሁን ሰዓቱን አስመልስ ማለት ይቻላል። ሮዝ ቦውል ላይ 41 ለ21 መልሰናል፤ በዚሁ ይብቃን።

ከኮለምበስ፣ አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፦ ጋሼ፣ አንድ ሰከንድ ብቻ ቢቀርህ ምን ታደርጋለህ?

ኑር ልጄ። ኖቬምበር 30፣ 2013ን ፈልገህ እይ። አላባማና ኦበርን 28 እኩል ናቸው፣ ሰዓቱ ዜሮ ይላል። የአላባማው አሰልጣኝ ኒክ ሳባን «1 ሰከንድ ቀርታለች» ብሎ ተከራከረ፤ ዳኞቹ በቪዲዮ አይተው መለሱለት። 57 ያርድ ፊልድ ጎል አስመታ፤ ኳሷ አጠረች። ከጎሉ ሥር የኦበርኑ ክሪስ ዴቪስ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

አሁን ማን ሜዳ ላይ እንዳለ አስብ። ለፊልድ ጎል የሚሰለፉት ግድግዳ እንዲሆኑ የተመረጡ ግዙፎች ናቸው፤ ኮከባቸው ቢበዛም ሩጫ አያውቁም። ዴቪስ ኳሷን ቀልቦ፣ ዳር ዳሩን ይዞ ከአንዱ ጫፍ ሌላው ጫፍ ሮጠ። 34 ለ28። በምልመላ የሚወዳደረው ያልነበረው ሳባን ለምኖ ያስመለሳት ሰከንድ ነበረች።