መልስ፦ ልጄ ከፍቺው በኋላ ለምን ጠላኝ?

ወንድሜ፣ ከፍቺው ወዲህ ልጅህ ስልክህን እንደማያነሳ፣ ስትገናኙም «ጥለኸን ሄደሃል» እንደሚልህ ጽፈህ፣ ይህ እሱንም አንተንም ምን ያደርጋል ብለሃል።

ልጅ የአዋቂ ክስ ቃል በቃል ሲደግም፣ ብዙ ጊዜ አብሮት ያለውን ወላጅ ላለማጣት እየታገለ ነው። አንተን መውደድ እዚያ ቤት ክህደት ከመሰለው ፍቅሩን ይደብቃል። ራሱን ከፊል የአንተ አድርጎ ስለሚያይም «አባትህ መጥፎ ነው» ሲባል እሱም መጥፎ የሆነ ሊመስለው ይችላል። ሲያድግ ድብርት፣ ሰው ለማመን መቸገር፣ እውነቱ ሲገለጥለትም ከባድ ጸጸት ሊከተለው ይችላል።

የአንተ ሐዘን ደግሞ ማብቂያ የሌለው ሊመስልህ ይችላል፤ ልጁ በሕይወት እያለ ታጣዋለህ፣ አጽናኝም አይመጣም። እንቅልፍ ማጣትህና ቁጣህ አይግረምህ፣ ለባለሙያ ተናገር።

ሆኖም ራስህን በሐቅ መርምር፤ ልጅ ተመትቶ ወይም ፈርቶም ይሸሻል፣ ያ የተለየ ጉዳይ ነው። አንዱ ወላጅ ልጁን በሌላው ላይ ሲያነሳሳው ልጁ ያንን ወላጅ መጥላቱን አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ሪቻርድ ጋርድነር እ.ኤ.አ. በ1985 «ሲንድረም» (የሕመም ምልክቶች ስብስብ) ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ይህ ግን በ2013ቱ የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር የአእምሮ ሕመሞች መመሪያ ውስጥ በሕመምነት አልገባም፤ እውነተኛ በደልን ለመሸፈን ይውላል የሚል ብርቱ ተቃውሞም አለበት።

እናቱን በፊቱ አትንቀፍ፣ ፈጽሞ። «ጥለኸን ሄደሃል» ሲልህ አትከራከረው፤ «እንደዚያ ሲሰማህ ያማል፣ እኔ ግን አለሁልህ» በለው። ባይመልስልህም አጭር መልእክት በየጊዜው ላክለት፣ ለምን አልመለስክም አትበለው። የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያም ቶሎ ይየው።