መልስ፦ ሰውነቴ ከከዋክብት ከሆነ እኔ ማን ነኝ?

ወንድሜ፣ «የሰውነቴ ንጥረ ነገር በከዋክብት ውስጥ የተሠራ ከሆነ፣ በክርስትና ስሜ የምጠራው እኔ ማን ነኝ?» ብለህ መጠየቅህ ልቤን ነክቶታል። እኔም በጎጃም ቅኔ ቤት ሳለሁ ይህን የመሰለ ጥያቄ እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር።

የኔታ ያስተማሩን ሰው ከሰባት ባሕርያት መፈጠሩን ነው፤ አራቱ የሥጋ ናቸው፦ ነፋስ፣ እሳት፣ ውሃና መሬት። ሦስቱ የነፍስ ናቸው፦ ልባዊነት (ማሰብ)፣ ነባቢነት (መናገር) እና ሕያውነት (በሕይወት መኖር)። አራቱን ከዓለሙ ሁሉ ጋር እንጋራቸዋለን። ስለዚህ ሥጋህ የተሠራበት ነገር ከአንተ በፊት መኖሩ ለትምህርታችን እንግዳ አይደለም። አባቶች ኬሚስትሪ ያውቁ ነበር ማለቴ ግን አይደለም፤ እንዲህ የሚሉ ሰዎች ሃይማኖቱንም ሳይንሱንም ያቃልላሉ። ሳይንሱ በአጥንትህ ያለው ካልሲየምና በደምህ ያለው ብረት ፀሐይ ሳትኖር በከዋክብት መሠራታቸውን፣ በምትጠጣው ውሃ ያለው ሃይድሮጅንም ከ13 ቢሊዮን ዓመት በላይ ማስቆጠሩን ይነግርሃል። ያ ራሱ ያስደንቀኛል፤ አልፈራውም።

ሰከላ ሄደህ የዓባይ መነሻ የሆነውን ምንጭ፣ ግሽ ዓባይን፣ ተሳልመህ ታውቃለህ? ካልሆነ ጎህ ሲቀድ ከምንጩ አጠገብ ቁም። የሚፈልቀው ውሃ ትናንት የፈለቀው አይደለም፤ ያ ወደ ጣና እየወረደ ነው። ምእመናን ግን ዛሬም ግዮን ብለው ይጠሩታል፤ አልተሳሳቱም። በ40 ቀንህ የተሰጠህ ስም በጸሎት ሲነሣም የሚጠራው ብረቱና ካልሲየሙ አይደለም፤ አንተ ነህ።