አንድ ፎጣ ለአራት ሰው

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የምሠራ ወጣት ነኝ። ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ስንኖር ፎጣ፣ ማበጠሪያ፣ ምላጭና የቅባት ዕቃ ሳይቀር በጋራ እንጠቀማለን። ከወር ወዲህ ሌሊት ሌሊት በጣቶቼ መካከልና በወገቤ ዙሪያ ያሳክከኛል። ከመድኃኒት ቤት የገዛሁትን ቅባት ስቀባ ይተወኝና ተመልሶ ይነሣብኛል፤ አንዷ ጓደኛዬም ማከክ ጀምራለች። በጋራ በመጠቀማችን ይሆን? ሳሙናስ ያስተላልፋል? «የየራሳችን ይኑረን» እንዳልል ተጸየፈችን እንዳይሉኝ ይሉኝታ ይዞኛል።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶች መካከል የሚበረታና አብሮ የሚኖረውንም የሚይዝ ማሳከክ በመጀመሪያ የሚያስጠረጥረው እከክን ነው። እከክን የምታመጣው ቆዳ ውስጥ እየቆፈረች እንቁላል የምትጥል፣ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ተባይ ስትሆን፣ በብዛት የምትተላለፈው ቆዳ ከቆዳ ጋር ሲነካካ፣ ለምሳሌ በአንድ ፍራሽ ሲተኛ ነው፤ ሆኖም ከሰው ገላ ውጪ ከ2 እስከ 3 ቀን ልትቆይ ስለምትችል፣ አንዷ ከፈረቃ ተመልሳ ታጥባ ከበሩ ጀርባ የሰቀለችውን ፎጣ ሌላዋ ገና እርጥብ ሳለ ብታደርቅበት በዚያም ልትተላለፍ ትችላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ በመሆኑ፣ ዛሬ ምንም የማይሰማቸው ሁለቱ ጓደኞችዎም ይዘውት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ወደ ጤና ጣቢያ አራታችሁም ሂዱ። እከክ መሆኑ ከተረጋገጠ የሚታዘዘው መድኃኒት፣ ብዙ ጊዜ ፐርሜትሪን 5 በመቶ ቅባት፣ ሁላችሁም በአንድ ሌሊት ከአንገት በታች ጥፍር ሥር ሳይቀር የምትቀቡት ነው፤ እርጉዝ የሆነች ካለች አስቀድማ ትናገር። ልብስና አንሶላ በፈላ ውኃ ይታጠብ፤ የማይታጠበው በፌስታል ታስሮ ቢያንስ 3 ቀን ይቀመጥ። ማሳከኩ ከሕክምናው በኋላ ጥቂት ሳምንታት ቢቆይ አይደናገጡ። የገዙትን ቅባት ግን ይዘው ሄደው ያሳዩ፤ ቤታሜታዞንን የመሰለ ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ ተባይዋን አይገድልም።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ምላጩ ነው። የጉበት በሽታ የሚያመጣው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ነገር ላይ ቢያንስ ለ7 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ዓይን የማያየው የደም ጠብታ ይበቃዋል። ምላጭን ለእህት እንኳ ማዋስ አይገባምና ይህን ዛሬውኑ ይተዉት። ማበጠሪያ ደግሞ ቅማልንና ቆረቆርን ያስተላልፋል። የቅባት ዕቃ ውስጥ በየተራ ጣት ከማስገባት ተጨምቆ የሚወጣውን መግዛት ይሻላል። በውኃ የሚለቀለቅ ሳሙና ብዙም አያሳስብም።

ይሉኝታውን በተመለከተ፣ «የየራሳችን ይኑረን» ብለው ከመጀመር «እኔን ይህ ነገር ይዞኛል፤ አብረን ካልታከምን አይለቀንም» ቢሏቸው እውነቱም ይኸው ነው፣ የሚቀየምም አይኖርም። ፎጣዎቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ በየጥጋቸው የተለያየ ቀለም ያለው ክር ስፉባቸውና ውጪ ፀሐይ ላይ አስጧቸው። ቁስሉ መግል ከቋጠረ ወይም ትኩሳት ካለ ሳይውል ሳያድር መታየት ያስፈልጋል፤ በሕክምናው ካልተሻለዎት ደሴ አጠገብ ያለው፣ በቆዳ ሕክምና የቆየ ስም ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል እንዲልክዎት ጤና ጣቢያውን ይጠይቁ።